ከርነሉ ማንን ይጠይቅ?



የዛሬው ርዕሴ ለብዙዎቻችሁ እንቅልፍ የሚጠራ እንደሚመስል አውቃለሁ። የሊኑክስን ከርነል በገዛ እጁ ኮምፓይል አድርጎ የሚያውቅ ሰው ሜኑውን ወደ ታች ሲወርድ «የባስ አማራጮች» የሚል ረድፍ ያጋጥመዋል። ገባ ይልና ፒሲአይ፣ ኢሳ፣ ኤምኤስአይ የሚሉ ስሞችን አይቶ አንዱንም ሳይነካ ይወጣል። ባይነካ ደግ አደረገ። ነገር ግን ከዚያ ረጅም ሜኑ አንድ ክፍል ብቻ መርጠህ አስተምር ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው። ሌሎቹ ክፍሎች «ምን ምን አለህ?» ይላሉ፤ ይህኛው ግን «ያለህን ነገር ማን ይንገርህ? ማንንስ ታምናለህ?» ይላል። ዛሬ የማወራው ስለዚህ እምነት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮሰሰሩ ከርነሉን ማስኬድ በሚጀምርበት ቅጽበት ከርነሉ ስለተቀመጠበት ማሽን የሚያውቀው በጣም ትንሽ ነው። ስንት ሜሞሪ እንዳለ ፈርምዌሩ ይነግረዋል። ዲስኩ በየት በኩል እንደተገናኘ፣ የኔትወርክ ካርዱ የማን ሥሪት እንደሆነ፣ ስክሪኑን የሚነዳው ቺፕ የትኛው እንደሆነ ግን ገና ፈልጎ ሊያገኘው ነው። እነዚህ ሁሉ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙበት የጋራ መስመር ባስ ይባላል። ባስ ሽቦም ነው፣ ሕግም ነው፤ ማን በስንት አድራሻ እንደሚጠራ፣ ማን መቼ እንደሚናገር፣ ሁለት ባንድ ጊዜ ቢናገሩ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው። ከርነሉ ሕጉን ካላወቀ በሽቦው ላይ የተሰካው ነገር ሁሉ ለእሱ የለም።

ስለ ማዋቀሪያው በአጭሩ ልናገርና ልለፍ። «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ስትሉ የሚከፈተው ሰማያዊ ሜኑ በሶርስ ኮዱ ማውጫዎች ከተበተኑ ኬኮንፊግ ከሚባሉ ፋይሎች የሚሰበሰብ ነው። አሁን የምንጠቀምበትን አሠራር የጻፈው ሮማን ዚፐል ሲሆን በ2002 ወደ ከርነሉ ገባ። ከእሱ በፊት ኤሪክ ሬይመንድ ሌላ ምትክ በፓይተን ጽፎ ብዙ ተሟግቶለት ነበር፤ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ለአብዛኞቹ አማራጮች መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ዋይ ካላችሁ ኮዱ ከከርነሉ ጋር ተጋግሮ ይገባል፤ ኤም ካላችሁ በሚያስፈልግበት ጊዜ የሚጫን ሞጁል ይሆናል፤ ኤን ካላችሁ ጭራሽ አይሠራም። ፒሲአይን የመሰለ ዋና ባስ ግን ኤም የሚል ምርጫ የለውም። ወይ አለ ወይ የለም፤ ሌላው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነዋ። ፒሲአይን ኤን ያላችሁ እንደሆነ በሥሩ የነበሩት የኔትወርክ፣ የዲስክና የድምፅ ድራይቨሮች ከሜኑው ላይ ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ። «የእኔ ካርድ ድራይቨር እዚህ የለም» ብሎ የሚያማርር ሰው ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ደግሞም በአዳዲሶቹ ከርነሎች ፒሲአይ ራሱ ወደ ድራይቨሮች ሜኑ ተዛውሯልና አሮጌ መመሪያ ይዛችሁ ከባስ ክፍል ብትፈልጉት አታገኙትም።

ወደ ታሪኩ ልግባ፤ ያለ ታሪኩ ሜኑው ትርጉም የለውም።

አይቢኤም በ1981 ባወጣው ፒሲ ላይ የነበረው ባስ 8 ቢት ነበር፤ በ1984 በኤቲ ሞዴል ወደ 16 ቢት አደገ። በኋላ ኢሳ የተባለው ይህ ነው። በኢሳ ዘመን «ምን ተሰክቷል?» ተብሎ የሚጠየቅ አካል አልነበረም። ካርዱ ስሙን አይናገርም። አድራሻውንና ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን የኢንተራፕት ቁጥሩን የሚወስነው ባለቤቱ ነበር፤ በካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐር የሚባሉ ጥቃቅን መሰኪያዎች እያነሳና እየተከለ። የኢንተራፕት መስመሮቹ 16 ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ሁለቱን መቆጣጠሪያ ቺፖች ለማገናኘት ስለሚውል 15 ይቀራሉ። ከ15ቱም ሰዓቱ፣ ኪቦርዱና ዲስኩ ቀድመው የያዙት አለ። የድምፅ ካርዱና ፕሪንተሩ 7ኛውን ቁጥር ሲሻሙ አንዱ ዝም ይላል፤ የትኛው ዝም እንዳለና ለምን እንደሆነ ለማወቅ ማሽኑን መክፈት ግድ ነበር።

ከርነሉስ ምን ያደርግ ነበር? ይገምታል። የኔትወርክ ድራይቨሩ የታወቁ አድራሻዎችን በተራ እየነካካ «እዚህ ነህ?» ይላል። ችግሩ መንካቱ ራሱ ጉዳት ማስከተሉ ነው። በዚያ አድራሻ ላይ ያለው ሌላ ካርድ ከሆነ ንክኪውን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ ማሽኑን ሊያደርቀው ይችላል። ስለዚህ ሊኑክስ «ሪዘርቭ» የሚል የቡት ትእዛዝ አበጀ፤ ባለቤቱ «እዚህ አድራሻ ላይ እጅህን አታስገባ» ብሎ ከርነሉን የሚያስጠነቅቅበት። እንግዲህ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነበር፤ ማንን ልጠይቅ ሲል፣ ባለቤቱን። ባለቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረስቶታል።

በ1987 አይቢኤም ፒኤስ/2 የተባሉትን ማሽኖች ማይክሮ ቻነል ከሚባል አዲስ ባስ ጋር አወጣ። በምህንድስና ዓይን ሲታይ ግሩም ሥራ ነበር። ካርዱ የራሱን መለያ ቁጥር ይናገራል፤ ጃምፐር ቀርቶ ቅንብሩ በሶፍትዌር ሆነ። ነገር ግን አይቢኤም ባሱን መጠቀም የሚፈልግ ሁሉ የፈቃድ ክፍያ ይክፈል አለ። በኮምፓክ የሚመሩ 9 ኩባንያዎች በ1988 ተባብረው ኢሳን አስፍተው ኢአይኤስኤ የተባለውን ባስ አወጁ፤ ከአሮጌዎቹ ካርዶች ጋርም እንዲስማማ አደረጉት። ይህ ጠብ በከርነሉ ሜኑ ላይ ሁለት መስመር ሆኖ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። ጠበኞቹን ያስታረቃቸው ሦስተኛ ወገን ነው፤ ኢንቴል በ1992 ፒሲአይን አወጣ። 32 ቢት፣ 33 ሜጋኸርትዝ፣ በሰከንድ እስከ 133 ሜጋባይት።

ፍጥነቱን ሁሉም ያነሳዋል። ከርነል ለሚጽፍ ሰው ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነው። በፒሲአይ ሕግ እያንዳንዱ መሣሪያ ስለራሱ የሚናገር 256 ባይት የመግለጫ ቦታ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ከርነሉ ከእንግዲህ የቤቶች ቆጠራ ሠራተኛ ነው። 256 ባስ፣ በያንዳንዱ 32 መሣሪያ፣ በያንዳንዱ መሣሪያ እስከ 8 ተግባር። በር እያንኳኳ ይሄዳል። ሰው ከሌለ ከሽቦው የሚመለሰው ሁሉም ቢቱ 1 የሆነ ቁጥር ነው፤ ያን ጊዜ «ባዶ» ብሎ ይመዘግብና ያልፋል። ሰው ካለ ግን የአምራቹ ቁጥርና የመሣሪያው ቁጥር ይመለስለታል። የኢንቴል የአምራች ቁጥር 8086 ነው፤ በ1978 ባወጣው ፕሮሰሰር ስም። መሐንዲሶችም ቀልድ ይወዳሉ። ከርነሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከድራይቨሮቹ ዝርዝር ያመሳክርና ትክክለኛውን ሞጁል ያስጭናል። ዛሬ ካርድ ሰክታችሁ ማሽኑን ስታበሩ «በራሱ ሠራ» የምትሉት ነገር ይኸው ነው።

በር ማንኳኳቱ ራሱ ግን በማን በኩል ይሁን? በ32 ቢት ኢንቴል ከርነል ላይ ሜኑው ይህንን «የፒሲአይ መዳረሻ ዘዴ» ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። አንደኛው መልስ ባዮስ ነው፤ የማዘርቦርዱን ፈርምዌር ጠይቅ፣ እሱ ቆጥሮ ይንገርህ። ሁለተኛው ቀጥታ ነው፤ ፈርምዌሩን እለፈውና ሲኤፍ8 እና ሲኤፍሲ በተባሉት ሁለት ወደቦች ራስህ አንኳኳ፤ በአንዱ አድራሻ ጻፍ፣ በሌላው መልሱን አንብብ። ሦስተኛው ኤምኤምኮንፊግ ነው፤ ከፒሲአይ ኤክስፕረስ ጋር የመጣ ሲሆን የመሣሪያዎቹን መግለጫ ሁሉ በሜሞሪ አድራሻ ላይ ዘርግቶ እንደ ተራ ሜሞሪ ያስነብባል። በኤክስፕረስ የእያንዳንዱ ተግባር መግለጫ ከ256 ወደ 4,096 ባይት አድጓል፤ በሁለቱ ወደቦች የሚደረሰው የመጀመሪያው 256 ብቻ ስለሆነ ሌላ መንገድ አስፈለገ። 65,536 ተግባር በ4,096 ባይት ብታበዙት 256 ሜጋባይት የአድራሻ ሜዳ ይሆናል። አራተኛው መልስ «ሁሉንም ሞክር» የሚል ነው፤ መጀመሪያ ኤምኤምኮንፊግን፣ ከዚያ ቀጥታውን፣ ሁለቱም እንቢ ካሉ ባዮስን።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ባዮስ መጨረሻ ላይ ነው። ከርነል ጻፊዎች ለባዮስ ያላቸው ግምት በዚህ አንድ መስመር ላይ ተጽፏል፤ በአንዳንድ አሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ ባዮሱን መጠየቅ ብቻ ማሽኑን ይጥለው ስለነበር ያገኙት ግምት ነው። በኤምኤምኮንፊግም ቢሆን ጥርጣሬው አልቀረም። ያ 256 ሜጋባይት የት እንደተዘረጋ የሚነግረው የፈርምዌሩ ሰንጠረዥ ነው፤ ከርነሉ ግን ሰንጠረዡን ብቻ አይቶ አያምንም። ያ ቦታ በእርግጥ ለዚህ ሥራ የተከለለ መሆኑን ከሌላ የፈርምዌር መዝገብ ያረጋግጣል። መዝገቡ ካልመሰከረለት ኤምኤምኮንፊግን እንደማይጠቀም በቡት መልእክቱ ላይ ጽፎ ወደ አሮጌው መንገድ ይመለሳል። እኔ ይህን ጠባይ እወደዋለሁ። ዛሬ በ64 ቢት ማሽኖች ላይ የአራቱ ምርጫ ጥያቄ ከሜኑው ጠፍቷል፤ ቀጥታው መንገድ ሁልጊዜ አለ።

በዚያ ምርጫ ውስጥ አንዳንዴ ብቻ የሚታይ አምስተኛ መልስ አለ፤ ወደ አገራችን የሚያደርሰንም እሱ ነው። «ኦኤልፒሲ ኤክስኦ-1» ይላል።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለውን፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ያስተዋወቀውን ፕሮጀክት ታስታውሳላችሁ። አረንጓዴና ነጭ፣ እንደ ጥንቸል ጆሮ የሚቆሙ አንቴናዎች ያሉት ትንሽ ላፕቶፕ። በሺህ የሚቆጠሩት ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም መጥተዋል፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት ወጣቶች በልጅነቱ የያዘው ይኖር ይሆናል። ውስጡ 433 ሜጋኸርትዝ የሚሮጥ የኤኤምዲ ጂኦድ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ሜሞሪና 1 ጊጋባይት ፍላሽ ነበረው። የሚሠራው በሊኑክስ ነው። በባዮስ ፋንታ ኦፕን ፈርምዌር የተባለ ፈርምዌር ስለነበረው «ባዮስን ጠይቅ» የሚለው መልስ እዚያ ላይ ፋይዳ አልነበረውም።

አስቸጋሪው ነገር ቺፑ ነበር። በጂኦድ ውስጥ ያሉት የስክሪን፣ የድምፅና የዩኤስቢ ክፍሎች እንደ ፒሲአይ መሣሪያ ነው የሚሠሩት፤ ነገር ግን ሕጉ የሚያስገድደው የመግለጫ ቦታ በሃርድዌር የላቸውም። በራቸው ቢንኳኳ የሚመልስ የለም። ኤኤምዲ ይህን ጉድለት በሶፍትዌር ሸፍኖት ነበር። ከርነሉ ሲኤፍ8ን በነካ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ሥራውን ያቋርጥና ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሥር በተደበቀ ልዩ ሁኔታ ገብቶ ቪኤስኤ የተባለ ፕሮግራም ያስኬዳል፤ ያ ፕሮግራም መሣሪያው የመለሰ አስመስሎ መልስ ይሰጣል። ከርነሉ ስለዚህ የሚያውቀው ነገር የለም።

የኦኤልፒሲ ሰዎች ይህን አልፈለጉትም፤ ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛ፣ ቪኤስኤ ማሽኑን ከእንቅልፍ ማንቃትን ያዘገያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኤክስኦ የተሠራው መብራት ለሌለበት ወይም ለሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ነው፤ ባትሪው እንዲበረክት ልጁ ማንበብ ሲጀምር ፕሮሰሰሩ ያንቀላፋል፣ ቁልፍ ሲነካ ይነቃል። በየንቃቱ የሚባክን ጊዜ ልጁ ጣት ላይ ይሰማል። ሁለተኛ፣ ቪኤስኤን እንደገና ለመሥራት በቀላሉ የማይገኝ ልዩ ኮምፓይለር ያስፈልግ ነበር። ሶርስ ኮዱ ክፍት ይሁን ብሎ ለተነሳ ፕሮጀክት ይህ የሚዋጥ አይደለም።

ያደረጉት ነገር በጣም ቀላል ነው። ቪኤስኤን አስወጡና መልሶቹን ከርነሉ ውስጥ ጻፏቸው። ኤክስኦ ላይ ከርነሉ ወደ ስክሪኑ ቺፕ ሲያንኳኳ ጥያቄው ከከርነሉ አይወጣም፤ አንድ አጭር የሲ ፋይል ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ላይ መልሱን ይሰጠዋል። ጠያቂውም መላሹም እሱ ራሱ ነው። እውነተኛ የፒሲአይ መሣሪያ የሆነው፣ ካሜራውንና ፍላሹን የሚያስተዳድረው የማርቬል ቺፕ ግን እንደ ወትሮው በቀጥታው መንገድ ይጠየቃል። ኦኤልፒሲ በትምህርት ረገድ የተባለለትን ያህል ሠርቷል ወይ የሚለው የሚያከራክር ነው፤ እኔም ጥርጣሬ አለኝ። ይህች የባስ ውሳኔ ግን ትክክል ነበረች። ሌላው ወገን እንደሚዋሽ በእርግጥ ካወቃችሁ፣ ውሸቱም የሚጠቅማችሁ ከሆነ፣ ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ውሸቱን ራሳችሁ ጻፉት ነው ነገሩ።

አማራጭ እንዴት እንደሚሞት ደግሞ ጥቂት ልበል። የማይክሮ ቻነል ድጋፍ ከሊኑክስ የወጣው በ2012 በወጣው 3.5 ነው። ኮዱ ስለተበላሸ አልነበረም። ማንም በእነዚያ ማሽኖች ላይ አዲስ ከርነል እየሞከረ አልነበረም፤ ያልተሞከረ ኮድ ደግሞ ሌላው ክፍል በተለወጠ ቁጥር አብሮ መስተካከል ይጠይቃል። በ2013 በወጣው 3.8 ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነሉን የጀመረበት 386 ፕሮሰሰር ራሱ ተሰናበተ፤ ቶርቫልድስም አልተከራከረለትም። ኢሳ ግን ጠንካራ ነው። ፒሲ/104 በሚባሉት የኢንዱስትሪ ቦርዶች አማካይነት እስካሁን ሥራ ላይ አለና በሜኑው ላይ ዱካው አልጠፋም።

አሁን ወደ እናንተ ሥራ። ከርነል ራሳችሁ ስትሠሩ በብዛት የምትወድቁበት ቦታ በዋይና በኤም መካከል ነው። ኤም ጥሩ ነው፤ ከርነሉን ያቀለዋል። ነገር ግን ሞጁሉ የሚቀመጠው ዲስክ ላይ ነው። የዲስኩን መቆጣጠሪያ ድራይቨር ኤም ካደረጋችሁት ከርነሉ ዲስኩን ለማንበብ ሞጁሉን ይፈልጋል፣ ሞጁሉን ለማንበብ ዲስኩን ይፈልጋል። መፍቻው ከከርነሉ ጋር ሜሞሪ ላይ የሚጫነው ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለው ጊዜያዊ ፋይል ሲስተም ነው፤ አስፈላጊዎቹ ሞጁሎች እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ። እሱን ሳትሠሩ ከቀራችሁ ዋናውን ፋይል ሲስተም መጫን አልቻልኩም የሚል የከርነል ፓኒክ ታያላችሁ። አንዳንዱ ይህን ሲያይ ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል፤ ዲስኩ ደህና ነው። የእኔ ምክር አሮጌና ቀላል ነው፤ ማሽኑ የሚነሳበት ባስ፣ የዚያ ዲስክ ድራይቨርና የፋይል ሲስተሙ ዋይ ይሁኑ፣ ሌላው ኤም ይሁን።

«ሎካልሞድኮንፊግ» የሚባል አቋራጭም አለ፤ በዚያ ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች አይቶ የቀረውን ያጠፋል። ኮምፓይል የማድረጊያውን ጊዜ በጣም ያሳጥራል። ነገር ግን የሚያየው የዚያን ሰዓት ብቻ ነው። ፍላሽ ዲስኩን ካልሰካችሁ፣ የዩኤስቢ ዶንግሉን ካላስገባችሁ፣ ፕሪንተሩን ካላገናኛችሁ ድራይቨራቸው በአዲሱ ከርነል ውስጥ አይኖርም። ስለዚህ ከማስኬዳችሁ በፊት ያላችሁን ዕቃ ሁሉ ሰካ ነቀል አድርጉ። አንድ ነገር ቢበላሽም ሁልጊዜ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ አያሻም። ካርዱ የኢንተራፕት መልእክቱን ሲያዛባ በቡት መስመሩ ላይ ኤምኤስአይን፣ ማለትም ኢንተራፕትን በሽቦ ፋንታ በመልእክት የሚልከውን ዘዴ፣ የሚያጠፋውን ቃል መጨመር ብቻ ይበቃል፤ ካርዱም ወደ ድሮው የጋራ ሽቦ ይመለሳል።

እስካሁን የተናገርኩት ከርነሉ ስለ መሣሪያዎች ማንን እንደሚያምን ነው። መሣሪያውን ራሱንስ ማመን ይገባዋል? በፒሲአይ ሕግ መሣሪያው ፕሮሰሰሩን ሳያስፈቅድ ሜሞሪ ማንበብና መጻፍ ይችላል፤ ፍጥነቱ የሚገኘውም ከዚያ ነው። ካርዱ በማሽኑ ሆድ ውስጥ በብሎን ታስሮ በነበረ ጊዜ ይህ አያስጨንቅም። ተንደርቦልት የተባለው መሰኪያ ግን ያንኑ ባስ ወደ ላፕቶፑ ጎን አወጣው። የማታውቁት ሰው ያዋሳችሁ መሰኪያ ከእንግዲህ የፒሲአይ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። የካምብሪጅና የራይስ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከኤስአርአይ ኢንተርናሽናል ጋር በ2019 ተንደርክላፕ ብለው ባወጡት ሥራ፣ አይኦኤምኤምዩ የሚባለው የሜሞሪ ማጣሪያ ቢበራም እንኳ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹ በወጉ ስለማይጠቀሙበት አጥቂ መሣሪያ ሊያልፈው እንደሚችል አሳዩ። በዚያው ዓመት የወጣው 5.0 ከርነል ወደ ውጭ በሚያዩ መሰኪያዎች የሚገቡትን መሣሪያዎች የማይታመኑ ብሎ ለይቶ መያዝ ጀመረ፤ ይህንንም የሚያደርገው ፈርምዌሩ የትኛው መሰኪያ ወደ ውጭ እንደሚያይ በትክክል ከነገረው ነው። ተመልሰን እዚያው ፈርምዌሩ ዘንድ ደረስን ማለት ነው።

የኢንቴሉ ማጣሪያ አማራጭ ድሮ በዚሁ በባስ ሜኑ ውስጥ ነበር፤ አሁን የራሱ ክፍል አለው። አማራጩን ዋይ ማለት ብቻውን አያበራውም፤ ሲነሳ በራሱ ይብራ የሚል ሌላ ጥያቄ ከሥሩ አለ፤ እሱንም ዋይ በሉት። የላፕቶፓችሁን ለማወቅ በ«ሲስ» ማውጫ ሥር «ከርነል»፣ ከዚያ «አይኦኤምኤምዩ ግሩፕስ» የሚለውን ክፈቱ። ቁጥር የተሰጣቸው ማውጫዎች ካሉበት ማጣሪያው በሥራ ላይ ነው፤ ባዶ ከሆነ አልበራም፣ ወይም ከፈርምዌሩ ሜኑ ላይ ተዘግቷል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ።